ሰው የማይጭነው ፒክአፕ

ወደ ከላላ ከተማ ለመግባት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የእግር መንገድ ሲቀር፣ መንገዱ ወደ ገደሉ አፋፍ በሚጠጋበት ቦታ ነፋሱ ነጠላ ይነጥቃል። ዕለቱ የገበያ ቀን ነው። ሰው ጢም ያለበት ቅጥቅጥ ካለፈን ቆይቷል፤ ከኋላው የመጣው አይሱዙም ጠጠር ጭኖ ስለነበር ሳይቆም አለፈ። መንገድ ዳር የቀረነው አሥራ አንድ ነን። ዶሮ የታቀፈች ልጅ አለች፣ የባሕር ዛፍ አጣና በትከሻው ያጋደመ ጎረምሳ አለ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጤፍ ያዘሉ እናት አሉ፣ ከእርሳቸው አጠገብ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል።

ነጭ ፒክአፕ ከኩርባው ብቅ ሲል ሁላችንም እጃችንን አነሳን። ከፊት ሁለት ሰዎች፣ የኋላው ወንበር ባዶ። ካሶኒው ላይ በሰንሰለት የታሰረ አንድ ቢጫ ሣጥን ብቻ ይታያል። ላያቆም ነበር፤ ነገር ግን ከፊታችን የመንገድ ሥራ ስለነበረ ሮሎው መንገዱን ዘግቶታልና መቆሙ ግድ ሆነበት። ሰዉ ሮጦ ከበበው።

«ሰው አንጭንም፣ አይቻልም» አለ ሾፌሩ መስታወቱን በጥቂቱ አውርዶ።

«ባዶውን እየሄደ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «እኛን ተውና እኚህን እናት ጫን። በአላህ!»

ሾፌሩ ዝም አለ። ጎረምሳው መልስ እስኪሰጠው አልጠበቀም፤ አጣናውን መሬት ላይ ጥሎ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ ካሶኒው ላይ ሊወጣ ተንጠለጠለ። ሣጥኑ ላይ ሊቀመጥ ነበር። ያኔ ነው ከሾፌሩ አጠገብ የነበረው ወጣት በሩን በርግዶ የወረደው። «ወንድሜ፣ ተው! እሱ ላይ እንዳትቀመጥ!» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነበር።

ደረቱ ላይ እንደ መታወቂያ የተንጠለጠለች ትንሽ ባጅ አየሁ። ያገኘው የጨረር መጠን የሚመዘገብባት ዶሲሜትር ናት። በዚያች ባጅ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ገባኝ።

በዚህ አገር ጫማ የሌላቸው እናት በእግር ሲሄዱ እያዩ ባዶ ወንበር ይዞ ማለፍ ነውር ነው። ሊፍት መስጠት ደግነት ብቻ አይደለም፣ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ይህን የመሰለውን ግዴታ ጥሶ የሚያልፍ መኪና ሲያጋጥም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥጋብ። ነገሩ ግን ጥጋብ አይደለም። የጨረራ አመንጪ ቁሶችን ማጓጓዣ ዓለም አቀፍ ደንብ በቀጥታ እንዲህ ይላል፦ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ ቢጫ ምልክት የተለጠፈበት ጥቅል በጫነ የመንገድ ተሽከርካሪ ውስጥ ከሾፌሩና ከረዳቶቹ በስተቀር ማንም ሰው አይሳፈርም። የዚያ ወንበር ባዶነት የተጻፈ ሕግ ነው።

*

ሣጥኑ ውስጥ ያለው የመንገድ ጥቅጠቃ መለኪያ ነው። የመንገድ ሥራ ሰዎች «ኒውክሌር ጌጅ» ይሉታል። በብዛት የሚታወቀው የትሮክስለር ሥሪት ከነእጀታው ወደ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከማጓጓዣ ሣጥኑ ጋር 40 ኪሎ ይደርሳል። ሆዱ ውስጥ ሁለት የጨረር ምንጮች አሉት፤ ሁለቱም በድርብ ብረት የታሸጉ፣ ከጣት ጫፍ ያነሱ። አንደኛው ሲዝየም-137 ነው። ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አዲስ በተጠቀጠቀው አፈር ላይ በተበሳ ጉድጓድ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ የሚወጣው ጋማ ጨረር አፈሩን አቋርጦ መሣሪያው ሥር ወዳለው ቆጣሪ ይመጣል። አፈሩ በደንብ ከተጠቀጠቀ የሚያልፈው ጨረር ያንሳል፣ ካልተጠቀጠቀ ይበዛል። ሁለተኛው አሜሪሲየም-241 ከቤሪሊየም ጋር ተቀይጦ ኒውትሮን የሚተፋ ነው፤ ኒውትሮን ሃይድሮጅን ሲያጋጥመው ፍጥነቱን ስለሚያጣ በዚያ የአፈሩን እርጥበት ይለካል።

መልሱ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። በድሮው መንገድ፣ በሳንድ ኮን፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ አሸዋ ተሞልቶ፣ አፈሩ ተመዝኖ፣ ምድጃ ውስጥ ደርቆ እንደገና ተመዝኖ ነው ውጤቱ የሚታወቀው። አንዳንዴ ሮሎው አንድ ቀን ቆሞ ይጠብቃል። ከከላላ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ዋልካ አፈር ብዙ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ በደንብ ያልተጠቀጠቀ መንገድ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ይቦረቦራል። ስለዚህ ያቺ ቢጫ ሣጥን ለእኚያ እናት ባዕድ ነገር አይደለችም። መንገዳቸው ክረምቱን እንዲችል የምትሠራ ናት።

ወጣቱ ቴክኒሽያን ሣጥኑን በጣቱ እያመለከተ ለጎረምሳው ሲያስረዳ ቀረብ ብዬ አየሁት። ጎኑ ላይ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ወረቀት ተለጥፏል፤ የላይኛው ግማሽ ቢጫ፣ የታችኛው ነጭ። ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ጥቁር ምልክት፤ ከሥሩ በላቲን ፊደል ጽሑፍ፤ ሁለት ቀያይ መስመሮች ጎን ለጎን፤ ከታች 7 ቁጥር። 7 ማለት ከአደገኛ ጭነቶች መካከል የጨረራ አመንጪዎች ምድብ ነው። ሁለቱ መስመሮች የሁለተኛ ደረጃ ቢጫ መሆኑን ይናገራሉ። መካከል ላይ በብዕር የተሞላች አነስተኛ ሣጥን አለች፤ እዚያ የሚጻፈው ከጥቅሉ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የጨረር መጠን ነው። በዚያ መለያ ውስጥ የሚፈለገው ሁሉ አለ። አንድም የአማርኛ ቃል ግን የለም።

የደንቡን ቁጥሮች ወደ ሰው ኑሮ ላውርዳቸው። ሁለተኛ ደረጃ ቢጫ የተለጠፈበት ጥቅል ገጹ ላይ በሰዓት እስከ 0.5 ሚሊሲቨርት እንዲኖረው ይፈቀድለታል። በሥራው ምክንያት ከጨረር ጋር የማይገናኝ ሰው፣ ማለትም እኔም እርስዎም ያ ጎረምሳም፣ ከእንዲህ ካሉ ምንጮች በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ እንዲያገኝ አይፈቀድም። ስለዚህ ደንቡ እስከሚፈቅደው ጣሪያ በደረሰ ሣጥን ላይ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው የዓመት ድርሻውን ጨረሰ ማለት ነው። የመንገድ ጌጅ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ጣሪያ በጣም ያነሰ ነው። ሁለት ሰዓት ተቀምጦበት የሚታመም ሰውም የለም። ነገር ግን ሾፌሩ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን፣ ከነገ ወዲያ ነፍሰ ጡሯን እያለ ቢጭን፣ ማን ምን ያህል እንዳገኘ የሚያውቅ አይኖርም። ደንቡ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ርቀት ደግሞ ምሕረት ነው። ከምንጩ ሁለት እጥፍ ሲርቁ የሚደርስብዎት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲርቁ ወደ አንድ ዘጠነኛ። ሣጥኑ ካሶኒው መጨረሻ ላይ፣ ከጋቢናው ርቆ የሚታሰረውም ለዚህ ነው። ሾፌሩ ራሱ የሚጠበቀው በዚያች ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ነው።

*

«ለጨረራ ቁስ ብቻ የተመደበ ተሽከርካሪ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ የኒውክሌር መሣሪያ ቁሶቿን በሕዝብ አውራ ጎዳና ላይ በታጠቁ አጃቢዎች በሚጠበቁ ልዩ ተሳቢዎች ታመላልሳለች። ይህ የጠቅላላው ጥቂቱ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚጓጓዙት ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ ጭነቶች አብዛኞቹ ለሆስፒታል፣ ለፋብሪካ፣ ለመንገድና ለምርምር የሚውሉ ናቸው። ደንቡን የሚያወጣው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነው፤ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ሲያሻሽለው ቆይቷል። የደንቡ መሠረታዊ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ መከላከያው ጥቅሉ እንጂ መኪናው አይደለም። መኪና ይገለበጣል፣ ይቃጠላል፣ ሾፌር ይሳሳታል። ጥቅሉ ግን መቻል አለበት።

የጌጁ ሣጥን «ዓይነት ኤ» ከሚባሉት ነው። በመደበኛ ጉዞ የሚደርስበትን ዝናብ፣ ንዝረትና ውድቀት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ክብደቱ ቀላል የሆነው ከ1.2 ሜትር ከፍታ ተጥሎ ይፈተናል። ከባዱ ጭነት፣ ለምሳሌ ለካንሰር ሕክምና የሚውለው ኮባልት-60፣ «ዓይነት ቢ» ውስጥ ነው የሚገባው። እርሱ ከ9 ሜትር ከፍታ በማይበገር መሬት ላይ ይጣላል፣ ከ1 ሜትር ከፍታ በቆመ የብረት ዘንግ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ በ800 ዲግሪ እሳት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ይህን ሁሉ ችሎ ነው ወደ መንገድ የሚወጣው። አንድ ላኪ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ለራሱ ጭነት ብቻ ሲይዘው፣ ሌላ ጭነት ሳይቀላቀል፣ መጫኑም ማውረዱም በእርሱ ትእዛዝ ብቻ ሲሆን ደግሞ የጥቅሉ ገጽ የጨረር ጣሪያ ከ2 ሚሊሲቨርት እስከ 10 ሚሊሲቨርት በሰዓት ከፍ እንዲል ይፈቀዳል። በትክክለኛው ትርጉሙ «የተመደበ ተሽከርካሪ» ማለት ይህ ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እንዲህ ያለ ጭነት አልፏል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ20 ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ሲሠራ የኖረው በኮባልት-60 ነው። ኮባልት በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ አቅሙ ሲዳከም የአንድ ታማሚ የሕክምና ጊዜ ይረዝማል፣ ወረፋውም እንዲሁ። ስለዚህ አዲሱ በእርሳስ በተደፈነ በቶን በሚመዘን ጥቅል ይመጣል፣ አሮጌው ደግሞ ቦታ ይለቃል። ቃሊቲ ያለው የቆላ ዝንብ ማራቢያ ማዕከል በ1999 ዓ.ም. ሲመረቅም ወንድ ዝንቦችን የሚያመክነው የጋማ ጨረር ማመንጫ እዚያ የደረሰው በመንገድ ነው። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ በሬዎችን ከገንዲ በሽታ ለመታደግ የሚለቀቁት ዝንቦች የሚመክኑት በእርሱ ነው። ለምርመራ የሚውሉት ምንጮች ደግሞ በፍጥነት ይሞታሉ። ሞሊብዲነም-99 በ66 ሰዓት ግማሹ ይጠፋል፤ ከቦሌ እስከ ሆስፒታል ያለው የትራፊክ መጨናነቅ ራሱ ከመድኃኒቱ ላይ ይቆርሳል።

ከከላላ፣ ከወግዲ፣ ከቦረና ተነስተው በደሴ አድርገው ጥቁር አንበሳ ደጅ የጠኑ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ቤታቸው ያውቀዋል። ታማሚዋ በአውቶብስ ወደ ጨረሩ ትሄዳለች። ጨረሩ ወደ እርሷ የሚመጣው ደግሞ እንዲህ በቢጫ ሣጥን፣ መንገድ ሊለካ ነው።

አገሪቱ ለዚህ ሕግ አላጣችም። ኢትዮጵያ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጨረራ መከላከያ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተቋቋመ፤ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 571/2000፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ታደሰ፤ ሥራው ዛሬ በቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ምንጭ ማስገባት፣ መያዝም ሆነ ማጓጓዝ ፈቃድ ይጠይቃል።

*

መኪናው ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል ለሚል ሰው የምነግረው የሜክሲኮን ፒክአፕ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 በሲውዳድ ኋሬዝ ከአንድ ሆስፒታል መጋዘን ያረጀ የኮባልት ሕክምና መሣሪያ ወጥቶ በፒክአፕ ተጫነ፤ ቁራጭ ብረት ለሚገዙ ሊሸጥ ነበር። መኪናው ላይ ሳለ ምንጩ ተበሳ። ውስጡ ወደ 6,000 ገደማ የሚሆኑ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ የኮባልት እንክብሎች ነበሩ። ጥቂቶቹ ካሶኒው ላይ ተበተኑ። ፒክአፑ ተበላሸና ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ለሳምንታት ቆመ። የሰፈሩ ልጆች ይጫወቱበት ነበር። የተቀረው ኮባልት ከብረቱ ጋር ቀልጦ ፌሮ ሆነ፣ ቤት ተሠራበት። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 ፌሮ የጫነ መኪና በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ በር ሲያልፍ የጨረር መለኪያው ስለጮኸ ነው፤ በአጋጣሚ። ከ800 በላይ ቤቶች በሙሉ ወይም በከፊል ፈረሱ።

ሁለተኛው የአውስትራሊያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ በ1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ በጭነት መኪና ሲሄድ የነበረ መሣሪያ በንዝረት ብሎኑ ላላ፣ 8 በ6 ሚሊ ሜትር የሆነች የሲዝየም-137 ፍሬ በብሎኑ ቀዳዳ ሾልካ መንገድ ላይ ወደቀች። መጥፋቷ የታወቀው ከቀናት በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ነው። ጨረር መለኪያ የጫኑ መኪኖች በረሃውን አሰሱ፤ የካቲት መጀመሪያ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተገኘች። ያ አስፋልት መንገድ ነው። የእኛን ኮሮኮንች ያየ ሰው ስለ ንዝረት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ጉዞ ሲያልቅ ሣጥኑ ተከፍቶ መሣሪያው መኖሩ ካልታየ፣ ሰንሰለቱና ቁልፉ ካልተፈተሸ፣ የተመደበ መኪና ማለት ባዶ ስም ነው።

እኔን ደግሞ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የሸሸው፤ ካምፕም፣ መጋዘንም፣ መኪናም ባለቤት አጥቶ ቀርቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ቢጫ ሣጥን በቁራሌው ጆንያ ውስጥ ቢገባ፣ ያንን ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት አይቶ የሚያስቀምጠው ማን ነው? ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ በርክሌይ የተሣለ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ማራገቢያ ይመስላል። ኤጀንሲው ራሱ ይህን ተረድቶ በ11 አገሮች 1,650 ሰዎችን ካስጠየቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ምልክት አወጣ፤ ቀይ መደብ ላይ ጨረር፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው። ፊደል ያልቆጠረም ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ያ ምልክት የሚለጠፈው መሣሪያው ውስጥ፣ ምንጩ አጠገብ ነው፤ በማጓጓዣ ሣጥንና በመኪና ላይ እንዲለጠፍ አልታሰበም። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ዛሬም የሚያየው ያንኑ ማራገቢያ ነው።

ደንቡ ለመኪናው ሁለት ጎንና ኋላ ምልክት ያዝዛል። እኔ የምጠይቀው አንድ ተጨማሪ ነገር ነው፤ ከምልክቱ ሥር በጉልህ አማርኛ «ጨረር አለበት፤ ሰው አይጭንም» የሚል። አራት ቃል ናት፤ ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም በላይ አትጠይቅም። ቢጽፉት ሰው ይደነግጣል የሚሉ አሉ። ዝም ሲባል ግን ሰው ይሰደባል፣ ሾፌሩ ያፍራል፤ ያፈረ ሾፌር ደግሞ አንድ ቀን ይጭናል። የይሉኝታን ጉልበት የሚያውቅ ይህን አይክደውም።

*

የዚያ ዕለቱ ቴክኒሽያን ዝም አላለም። ጎረምሳውን በትከሻው አቅፎ ወደ ጎን አወጣውና ሁላችንም እንድንሰማ ተናገረ። «ራጅ ተነሥተሽ ታውቂያለሽ?» አላት ዶሮ የታቀፈችውን ልጅ። ራሷን ነቀነቀች፤ እጇ ተሰብሮ ደሴ ተነሥታለች። «ያን ጊዜ ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ በሩን አልዘጋም?» ዘግቶ ነበር። «ይሄ ሣጥን እንደዚያ ነው። የራጁ ማሽን ሲያጠፉት ይጠፋል፤ ይሄኛው አይጠፋም። ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ለዚህ ነው እናንተን እንደ ሐኪሙ ከበሩ ውጭ የምናቆማችሁ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ጠየቁ፦ «አንተስ ልጄ? አንተ አይነካህም?»

ባጁን አሳያቸው። ይቺ ያገኘሁትን ትመዘግባለች፣ አዲስ አበባ ተልካ ትነበባለች፣ ከበዛ ከሥራው ያነሱኛል አላቸው። ሽማግሌው ባጇን በጣታቸው ነካ አድርገው «አብሽር» አሉት። ቅድም ሲቆጡ ከነበረው ድምፅ ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር።

ጤፍ ያዘሉት እናት ግን ገና አልጨረሱም። ከረጢቱን ከጀርባቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡና «እኔን ሰው ነኝ ብለህ ተውከኝ። ሸክሜስ? ጤፉም ይመረዛል?» አሉት።

አይመረዝም። ይህን ደግሞ ብዙ የተማረ ሰው ሳይቀር ይስታል። እንዲህ ካለ የታሸገ ምንጭ የሚወጣ ጨረር ሲያልፍበት እህሉ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ብርሃን ያረፈበት ግድግዳ ሲመሽ እንደማያበራ ሁሉ። የሚያስፈራው ምንጩ ተሰብሮ ዱቄቱ ሲበተን ነው። ወጣቱ ይህንኑ ነገራቸው፤ ሾፌሩን ዞሮ አየው። ሾፌሩ ወርዶ ከረጢቱን አነሳ፤ ከሣጥኑ ጋር እንዳይጋጭ ብሎ ግን ካሶኒው ላይ አላስቀመጠውም። የኋላውን በር ከፍቶ ባዶው ወንበር ላይ አጋደመው፤ ቀበቶም አሰረለት።

«ከመስጊዱ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ አስቀምጥልኝ፤ የፋጡማ ነው በል» አሉት እናትየዋ።

ሮሎው መንገዱን ለቀቀ። ፒክአፑ ተንቀሳቀሰ። እኛም ከኋላው አቧራው እስኪረግብ ጠብቀን መራመድ ጀመርን፤ እናትየዋ ጀርባቸው ቀሎ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር።